የደከመ ልብና የጨው ሒሳብ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳችኝ አንዲት ወረቀት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ እዚህ ሜሪላንድ እኛ ዘንድ እያሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ አላቸው፤ ሌሊት በሦስት ትራስ ካልተደገፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ሆስፒታል ስንወስዳቸው በሽታው «የልብ ድካም» ሆኖ ተገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ ሰባት ሊትር ያህል ውሃ በመድኃኒት ወጣላቸውና ፊታቸው ፈክቶ፣ በእግራቸው እየተራመዱ ወጡ። ስንወጣ ነርሷ ከመድኃኒቶቹ ጋር መብላት የሌለባቸውን የሚዘረዝር ወረቀት ሰጠችን፦ የቆርቆሮ ሾርባ፣ ቤከን፣ ሆት ዶግ፣ ፒዛ፣ የድንች ቺፕስ። ለአባባ ተርጉሜ ሳነብላቸው «እኔ ይህን መቼ በላሁና ነው?» አሉ። ሳቅን። እውነታቸውን ነበር፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱንም ቀምሰው አያውቁም። በሃያ ሦስተኛው ቀን ተመልሰን እዚያው ድንገተኛ ክፍል ተገኘን።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ የውሃ ምህንድስና ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ስለ ፓምፕ፣ ስለ ቧንቧና ስለ ግፊት ሳሰላ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ማንም ከሐኪሙ ትእዛዝ በላይ አድርጎ እንዳይወስድብኝ አደራ እላለሁ። ሆኖም አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሲተኙ የልብ ሐኪማቸው ያስረዱኝ ነገር ከሙያዬ ጋር ሥጋ ዘመድ ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቷ አልዋሸችም። ነገር ግን የእኛን ማድቤት አታውቀውም።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በአማርኛ «በልብ ድካም ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ የምንረዳው ድንገት ወድቆ የቀረ ሰው ነው። ያ አብዛኛውን ጊዜ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣው ሐርት አታክ ወይም የልብ ምት ድንገተኛ መቋረጥ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ልብ አልቆመም፤ ነገር ግን ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት፣ ወይም ዘና ብሎ በደም መሞላት አቅቶታል። ከሰውየው ጋር ለዓመታት አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። መንስኤውም ብዙ ነው፦ ያልታከመ የደም ግፊት፣ የልብ ደም ሥር ጥበት፣ ስኳር፣ በአገራችን ደግሞ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው ሕመም። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት፣ ዋነኛው መንስኤም የደም ግፊት መሆኑን አሳይቷል። በምዕራቡ ዓለም ይህ በአብዛኛው የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰው በሽታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ልጆቹን ገና አሳድጎ ያልጨረሰውን ሰው ይይዛል።

አሁን ወደ ኩላሊት እንሂድ፤ የጨው ነገር የሚጀምረው እዚያ ነውና። ኩላሊት ደም ማጣሪያ ብቻ አይደለም፤ የሰውነት የውሃና የጨው ተቆጣጣሪም ነው። ይህ ተቆጣጣሪ ግን በቧንቧው ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ በቀጥታ አያይም። የሚያየው ወደ እርሱ የሚደርሰውን ግፊትና ፍሰት ነው። ጤናማ ልብ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ፓምፑ ሲደክም ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ኩላሊትም «ይህ ሰው ወይ ደም እየፈሰሰው ነው፣ ወይ በረሃ ላይ ውሃ አጥቷል» ብሎ ይደመድማል። ሬኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ሬኒን አንጂዮቴንሲንን፣ አንጂዮቴንሲን ደግሞ አልዶስቴሮንን ያስነሣል። የትእዛዙ መጨረሻ አንድ ነው፦ ጨው አታስወጣ፣ ያዝ! ውሃም ጨውን ተከትሎ ይቀራል። ታንከሩ ሞልቶ በላዩ ላይ እየፈሰሰ ሳለ የተበላሸ መለኪያ «ባዶ ነው» እያለ ፓምፑ ሌት ተቀን እንዲሠራ ሲያዝዝ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። በአባቴ ሰውነት ውስጥ የሆነውም ይኸው ነበር። የተረፈው ውሃ ቀን ቀን እግር ላይ ይከማቻል፤ ሌሊት ሲጋደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሦስቱ ትራስ ለዚህ ነበር።

ሒሳቡ ደግሞ ከምንገምተው በላይ ቀላል ነው። ሆስፒታል በክንድ የሚሰጠው፣ እኛ በልማድ ሁሉንም «ግሉኮስ» የምንለው ጨዋማ ፈሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለው። ቁጥሩ የተመረጠው ከደማችን ጋር ስለሚመጣጠን ነው። እንግዲህ በግርድፉ ስናሰላው ኩላሊት አላስወጣ ያለው 9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ክብደት አስከትሎ ይቀራል ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ገደማ ነው። አባቴ ያስወጡት ሰባት ሊትር በዚህ ስሌት ከ60 ግራም በላይ ጨው፣ አሥር የሻይ ማንኪያ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳሰላ ደነገጥኩ። አሥር ማንኪያ ጨው በእርሳቸው ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲከማች እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ እበላ ነበር።

ሐኪማቸው ያሉኝ ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ ነው፦ «ውሃ የሚያስወጣውን ክኒን መጠን የወሰንኩት አባትህ በቀን የሚበሉትን ጨው ገምቼ ነው። እኔ የማላውቀው ጨው ሲገባ መጠኑ ይሳሳታል።» ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ይኸው ሆነ። ለደከመ ልብ የሚያስፈልገው አመጋገብ የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር አይደለም። የሚገባው ጨው መጠነኛ፣ የታወቀና ከቀን ቀን የማይዋዥቅ እንዲሆን ማድረግ ነው። ተቆጣጣሪው የተበላሸበት ማሽን ላይ የሚቀረው ብልሃት የሚገባውን ጭነት በእጅ ማስተካከል ነውና።

ምግብ ብቻውን መድኃኒት የነበረበት ዘመንም ነበር። ከናዚ ጀርመን የሸሸው ሐኪም ዎልተር ኬምፕነር እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና በዱክ ዩኒቨርሲቲ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕሙማንን ሩዝ፣ ፍራፍሬና ስኳር ብቻ እየመገበ ያክም ነበር። ጨው የለም ማለት ይቻላል። የብዙዎቹ ግፊት ወረደ፤ ሰፍቶ የነበረ ልባቸውም በራጅ ሲታይ አነሰ። ነገር ግን በዚያ ምግብ ዓመት መዝለቅ የሚችል ሰው ስንት ነው? በ1950ዎቹ መጨረሻ ውሃ አስወጪ ክኒኖች ሲመጡ ሩዙ ወደ ጎን ተገፋ። ዛሬ የታማሚውን ዕድሜ የሚያራዝሙት መድኃኒቶቹ ናቸው። «ምግቤን ካስተካከልኩ ክኒኑ ይቅርብኝ» የሚሉ ወገኖቻችንን ስሰማ የምፈራውም ለዚህ ነው።

እንደ እናንተ የሚያነቡ ሰዎች ደግሞ ተቃራኒውን ጥያቄ እንደሚያነሡ አውቃለሁ፤ አንድ ወዳጄም አንሥቶብኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ6 አገሮች 806 የልብ ድካም ሕሙማንን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን ሶዲየሙን በቀን ከ1,500 ሚሊግራም በታች እንዲያወርድ አገዘው፤ ሌላው የተለመደውን ምክር ብቻ አገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሞት፣ በሆስፒታል መተኛትና በድንገተኛ ክፍል መመላለስ በሁለቱ መካከል የሚታመን ልዩነት አልተገኘም። የኑሮ ጥራት ግን ጨው በቀነሱት ዘንድ በመጠኑ ተሻሽሏል። ወዳጄ ታዲያ «ጨው ምንም አያደርግም ማለት አይደል?» አለኝ። አይደለም። ቁጥሮቹን እንመልከት። የተለመደውን ምክር ያገኙት ሰዎች ራሳቸው በቀን የሚበሉት ወደ 2,100 ሚሊግራም ሶዲየም ነበር። አንድ ግራም ጨው 400 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ስላለው ይህ ከ5 ግራም እምብዛም የማይበልጥ ጨው ነው። ጥናቱ ያነጻጸረው ትንሽ ጨው የሚበሉትን ከዚያም ትንሽ ከሚበሉት ጋር ነው። በቀን ስምንትና አሥር ግራም ስለሚበላ ሰው የተናገረው ነገር የለም። የ2021 የአውሮፓ መመሪያ በቀን ከ5 ግራም በላይ ጨው አይበላ ይላል፤ የ2022 የአሜሪካው ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሶዲየምን ማስወገድ ተገቢ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት ሰውን እንደ ኬምፕነር ማሰቃየት እንደማያስፈልግ፣ 5 ግራሟን ግን ማክበር እንደሚገባ ነው።

እንግዲህ አባቴ ስንት ይበሉ ነበር? ከሁለተኛው ሆስፒታል በኋላ የማድቤት ሚዛን ገዛሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ «ደግሞ ማድቤቱን ላቦራቶሪ ልታደርገው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ውጤቱን ስታይ ግን ከእኔ ይልቅ እርሷ ተቆጣጣሪ ሆነች።

የመጀመሪያው ድንጋጤ እንጀራው ነበር። እንጀራ ጨው የለበትም ብለን ነው የምናምነው፤ አገር ቤት በእርሾ ብቻ ለተቦካ የጤፍ እንጀራ እውነት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ጤፍ ውድ ነው፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሊጡ ዓይን አላወጣ ይላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን ዱቄት እንቀላቅላለን። ይህ ዱቄት ከፋብሪካው ሲወጣ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር የተጨመረበት ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 1,200 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም አለው። የምትጋግርልን እህት 30 እንጀራ ከሚወጣው 3 ኪሎ ዱቄት ሩቡን ከዚህ ታደርግ ነበር። ሲሰላ በአንድ እንጀራ 300 ሚሊግራም ይደርሳል። በቀን ሦስት እንጀራ ፍርፍሩን ጨምሮ 900 ሚሊግራም ሆነ፤ ገና ወጥ ሳንነካ።

ወጡ ደግሞ ባለቤቴ በእጇ ቆንጥራ የምትጨምረው ጨው በሚዛን ሲታይ ለስድስት ሰው ድስት 14 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ለአንድ ሰው ከ900 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም ነው። ምሳና እራት ሲሆን እጥፍ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ ከሻይ ጋር 300 ገደማ። ድምሩ ከ3,000 ሚሊግራም ያልፋል፤ ወደ 8 ግራም የሚጠጋ ጨው ማለት ነው። በዚህ ላይ ከአገር ቤት የመጣው በርበሬና ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅ የገባበት ጨው አለ፤ እርሱን በምን ሚዛን ለይቼ ልመዝነው? አክስቴን አዲስ አበባ ደውዬ «እትዬ፣ ከእንግዲህ በርበሬውን ጨው ሳይገባበት ላኩልን» ብላቸው «ጨው የሌለው በርበሬማ ይነቅዛል!» ብለው ተቆጡኝ። ፍሪዘር ውስጥ እንደምናስቀምጠው አስረድቼ፣ ለወንድማቸው ልብ መሆኑን ስነግራቸው እሺ አሉ። አሁን ጨው የሌለበት መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፎበት ለብቻው ታስሮ ይመጣል።

ልብ በሉ፣ አንድም ቤከን የለበትም። አባባ ከወረቀቷ ትእዛዝ ዝንፍ ሳይሉ ነው ሳንባቸው ውሃ የቋጠረው።

ሃያ ሦስተኛው ቀንም ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሁለት ቀን በፊት የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበር። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ ከነሚጥሚጣው (ሚጥሚጣ ጨው ገብቶበት ነው የሚዘጋጀው)፣ በአይብ ፈንታም ከሱቅ የተገዛ ኮቴጅ ቺዝ፤ ይህ ደግሞ በግማሽ ስኒ 400 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ሊኖረው ይችላል። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እየተባለ ጉርሻው ሲዘንብ አባቴ እምቢ ማለት አልቻሉም፤ እኔም ሽማግሌ ሰው ሲጎርስ ማስቆም ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። በማግሥቱ የተረፈው ተልኮልን እርሱንም በላን። ክኒኑ የተለካው ለመደበኛው ቀን ነበር።

ጨው እኛ ዘንድ ተራ ነገር አይደለም። ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በገበያችን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ለእንግዳ ጨው መቆጠብ የንፉግነት ምልክት ሆኖ የቀረው ከዚያ ይመስለኛል። የጨው ዋጋ ከወደቀ ቆይቷል፤ ልማዳችን ግን አልሰማም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ጋጋሪያችን የአባባን እንጀራ ከጤፍና ከገብስ ዱቄት በእርሾ ብቻ ለየብቻ ትጋግራለች፤ ትንሽ ይጠነክራል እንጂ ይበላል። ድስቱ ውስጥ የሚገባው ጨው በሚዛን 5 ግራም ሆነ፤ ለአንድ ሰው ወደ 330 ሚሊግራም ወረደ። የቀረውን ጣዕም የሚሸፍነው ሽንኩርቱን ሳይቸኩሉ ማቁላላት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሲወርድ ደግሞ ሎሚ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አባባ «ጨው ከቀረማ ምኑን በላሁት?» እያሉ አማረሩ። ምላስ ግን ይለምዳል፤ ዛሬ ሌላ ቤት ሲበሉ «ምነው ጨው በዛበት» የሚሉት እርሳቸው ናቸው። በዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ወጥ ለማጣፈጥ የሚጠቀሙበት የሾርባ ኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ።

አሁን ሰው በቅንነት ስለሚሠራው ከባድ ስሕተት ልናገር። አንድ ዘመዳችን ስለ አባባ ሰምቶ «ጨው ያልሆነ ጨው» በብልቃጥ ይዞልን መጣ። የጨው ምትክ የሚባለው ይህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። አባቴ ስፓይሮኖላክቶንና ሊሲኖፕሪል ይወስዳሉ፤ ሁለቱም ፖታሲየም በደም ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋሉ። በዚያ ላይ ምትኩ ሲጨመር ፖታሲየሙ አሻቅቦ የልብን ምት ሊያዛባ፣ ልብን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ፉሮስማይድ ብቻውን የሚወስድ ሌላ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ፖታሲየም ሊያጥረው ይችላል። ስለዚህ ለአንዱ የተባለው «ሙዝ ብላ» ለሌላው አይገለበጥም። ብልቃጡን አመስግነን ተቀበልን፤ ሲሄድ ጣልነው።

ጎመንም እንዲሁ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጎመን ሊተው አይገባውም፤ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይብላ ነው የሚባለው። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ፍልሰታ ሲገባ ጎመን በየቀኑ ከሆነ ለክሊኒኩ አስቀድሞ መንገር ነው። ምግብ ባይሆንም አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ስለሚያደርጉ ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ።

ስለ ጾም ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ፦ የጾም ምግብ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ አትክልቱ፣ ጨው እስካልበዛበት ድረስ ለልብ መልካም ነው። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ውሃ አስወጪ ክኒን ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ግፊትን ያወርዳል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። አባባ የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው ጠዋት እየበሉ የጾም ምግብ እንዲመገቡ ተፈቅዶላቸዋል። ረመዳን የሚጾሙ ወገኖችም ከወሩ በፊት የክኒኑን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው።

ውሃስ? ለብዙ ዓመታት «በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ እንዳትጠጣ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ የሆላንድ ጥናት ሕመማቸው በተረጋጋ 504 ሰዎች ላይ ይህን ፈትኖ፣ ውሃ የተገደበባቸው ከሌሎቹ የተሻለ ጤንነት እንዳልተሰማቸው፣ ይልቁንም ጥም እንዳሰቃያቸው አሳየ። ሐኪሙ በተለየ ምክንያት ካልገደበ ሰውን በጥም መቅጣት አያስፈልግም ማለት ነው። በሌላ በኩል የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ እየመነመነ ያለ ታማሚ «ጨው አትብላ» ከሚለው ይልቅ «በደንብ ብላ» የሚለው ሊቀድምለት ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የማድቤቱን ሚዛን ዛሬ ብዙ አንጠቀምበትም፤ የባለቤቴ እጅ ለምዶታል። የሰው ሚዛኑ ግን በየቀኑ ይሠራል። አባባ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በዚያችው ቀጭን ጋቢያቸው ይወጡበትና ቁጥሩን በደብተር ይጽፋሉ። በአንድ ቀን ከ2 እስከ 3 ፓውንድ፣ ወይም በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመረ፣ ሳንባ ሳይሞላ ስልክ እንደውላለን። ስብ በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ አይጨምርም፤ ውሃ ግን ይጨምራል፤ ከውሃው ጋር ደግሞ እነዚያ 9 ግራም ጨው አሉ። ደብተሩ ላይ ክብደቱ የዘለለበትን ቀን ስናይ ከጎኑ «ሠርግ» ወይም «ማኅበር» የሚል ጽሑፍ አናጣም።

ባለፈው ዓመት ለክትትል ስንሄድ የራሳችንን ወረቀት በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጽፈን ለነርሷ ሰጠናት። ሰልፍ ራይዚንግ የገባበት እንጀራ፣ ጨው ያለው በርበሬና ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ቋንጣ፣ የሾርባ ኩብ፣ የሱቅ አይብ፣ የጨው ምትክ የሚል ዝርዝር ነው። «ቋንጣ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝና ጨው ተነስንሶበት የደረቀ ሥጋ መሆኑን ነገርኳት። አንዱን ቅጂ ከአባባ ፋይል ውስጥ አስገባችው፤ ሌላውን አባዝታ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ወረቀት አጠገብ አስቀመጠችው።